ሽፋኑን አትቅደዱት

ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ በግራ በኩል ጥቂት ክፍት ቦታ አለ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው። መጽሔቶቹ የእነሱ ስለሆኑ በእነሱው ቁጥር ብንሄድ ይሻላል። የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቤት በዋልንበት ሰሞን፣ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ሥዕል ላከችልኝ። የትልቅ ከተማ ጎዳና ነው። ጎዳናውን የሞሉት ከስልክ ማነጋገሪያ ሳጥን እምብዛም የማይበልጡ፣ ዙሪያቸውን በመስታወት የተከለሉ ጥቃቅን መኪኖች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ማንም ከማንም አይነካካም። ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈው፣ አንድ ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ1962 ሆኖ የ2022ን ኑሮ አስቀድሞ አይቶታል ይላል። «ጋሼ፣ ይሄኛው አንተ ጋ የለም?» ትላለች ልጅቷ።

የለኝም ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ግን አወቅኩ። የዋልተር ሞሊኖ ነው፤ ሚላኖ ይታተም በነበረው «ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በዲሴምበር 16 ቀን 1962 የወጣ። ጣሊያን አገር ላለ ወዳጄ ጽፌ ሙሉው እትም እጄ የገባው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሽፋኑ ግርጌ ላይ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አለ። በቴሌግራም በመጣልኝ ላይ ያ ግርጌ ተቆርጧል። ጽሑፉ ስለ በሽታ አንድም ቃል አይናገርም። ወደፊት በከተማ የምንሄደው በእንዲህ ያለ መኪና ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቅና፣ ቦታ በማይፈጅ የአንድ ሰው መኪና የመንገዱን መጨናነቅ ማቃለል ይቻል ይሆናል ይላል። መኪናዋም ስም ወጥቶላታል፤ ሲንጎሌታ። 2022 የሚል ቁጥር የለም። ሞሊኖን ያሳሰበው ነገር፣ ዛሬ ከሜክሲኮ ሣር ቤት ለመድረስ በታክሲ አንድ ሰዓት የሚቀመጠውን ሰው የሚያሳስበው ነገር ነበር።

እንግዲህ ሁለት ጣት የማትሞላ ወረቀት ስለተቆረጠች ሠዓሊው ነቢይ ሆነ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ሁለት ጣት ወረቀት ነው።

እኔ የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነው፤ ጡረታ የወጣሁት ከኦፍሴት ማሽን ላይ ነው። አሮጌ መጽሔት ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ቀለሙ ከቀለሙ በትክክል መግጠሙ ላይ ነው፤ ሥዕሉን የማየው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች። ሙሽራ ለማየት ሄዶ የቀሚሱን ስፌት የሚቆጥር ትለኛለች። የምሰበስበው በተለይ ሽፋናቸው በእጅ የተሣለ የአውሮፓ ሳምንታዊ መጽሔቶችን ነው። ብዙ አይደሉም፤ አንድ ቁምሳጥን አይሞሉም።

ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው በጃንዋሪ 8 ቀን 1899 ነው። የ«ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» ጋዜጣ ተጨማሪ ሆኖ ተጀምሮ እስከ 1989 ዘለቀ። የፊቱም የኋላውም ሽፋን በቀለም የተሣለ ትልቅ ሥዕል ነበር። ከመጀመሪያው አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ሽፋኑን የሣለው አኪሌ ቤልትራሜ የተባለ ሰው ነው፤ የሞተው በ1945 ነው፤ ሞሊኖ የተተካው በእሱ ቦታ ነው። የቤልትራሜ ሽፋን የሚያሳየው የባቡር ግጭት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የንጉሥ ዘውድ መጫን፣ ከታሰረበት ያመለጠ አንበሳ፣ ጦርነት ነው። ዓለምን ሁሉ ሥሏል። ሰውዬው ግን ከሚላኖ እምብዛም የማይወጣ ሰው ነበር። የዜና ቴሌግራም ይነበብለታል፣ ፎቶግራፍ ካለ ያያል፣ ከዚያ ይቀመጥና ይሥላል።

ፎቶግራፍ እያለ ለምን ሥዕል? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። አንዱ መልስ የማተሚያው ጉዳይ ነው፤ በዚያ ዘመን በርካሽ ወረቀት ላይ በብዙ ኮፒ ቀለም ማተም የሚቻለው ለዚያ ተብሎ የተሣለ ሥዕል ሲሆን ነው። ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው። ፎቶ አንሺ የሚደርሰው ድልድዩ ከወደቀ በኋላ ነው። ሠዓሊው ግን ድልድዩ ሲወድቅ እዚያው ቆሟል፤ የሴትዮዋ ባርኔጣ ገና በአየር ላይ ነው። አንባቢው ሳንቲሙን የሚከፍለው ለዚያች ባርኔጣ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። በኦክቶበር 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር ቤልትራሜ ሥራ ላይ ነበር። አዲስ አበባ በሜይ 5 ቀን 1936 እስክትያዝ ድረስ ባሉት ሰባት ወራት መጽሔቱ ጦርነቱን ደጋግሞ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ከእነዚያ እትሞች ጥቂቶቹ እኔ ዘንድ አሉ። ፊቱ ጎልቶ፣ በብርሃን፣ ጢሙ እንኳ እስኪቆጠር ድረስ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ጣሊያኑ ነው። የእኛ ሰው ጀርባውን ሰጥቷል፣ ወይም ወድቋል፣ ወይም ከሩቅ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው። ጦርነቱ ከተደረገባቸው መሣሪያዎች አንዱ ከአውሮፕላን የሚረጭ የመርዝ ጋዝ ነበር፤ ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ። እኔ ባሉኝ ሽፋኖች ላይ አውሮፕላን ሞልቷል፤ ጋዝ ግን የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው።

«ይህን ስድብ ገንዘብ ከፍለህ ለምን ታስገባለህ?» ያለኝ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበር። አባቱ ማይጨው ዘምተዋል። ተቀምጠን አንዱን እትም ገልጬ አሳየሁት። ከሽፋኑ ጀርባ ያሉት ገጾች ላይ ቀልድ አለ፣ የሆድ መድኃኒት ማስታወቂያ አለ፣ አንባቢዎች በፖስታ ካርድ እየጻፉ የሚልኩት የሰፈር ገጠመኝ የሚወጣበት አምድ አለ። ሽማግሌው ጣሊያንኛ በመጠኑ ይሰማል፤ ሁለት ሦስቱን አነበበ፤ በአንዱ ሳቀ። ከዚያ እትሙን ገልብጦ ሽፋኑን ድጋሚ አየና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እንዲህ እየሳቁ ነዋ» አለኝ። ሽፋኑን ብቻ ባሳየው ኖሮ የሚያየው ጠላቱን ነበር። ሙሉውን ስላየ ያየው አንድ የሚላኖ ቤተሰብ እሑድ ከምሳ በኋላ ይህን ወረቀት እየተቀባበለ ነው። የቱ ይበልጥ እንደሚያስቆጣ ለእናንተ እተዋለሁ። እኔ ግን ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። ዲኖ ቡዛቲ የተባለው ታዋቂ ደራሲ በ1939 ለኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ዘጋቢ ሆኖ አዲስ አበባ መጥቷል። ከ1950 በኋላ ደግሞ የዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ ምክትል ዳይሬክተር ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። እንግዲህ አገራችንን ሳያይ የሣላት ሠዓሊ ካለፈ በኋላ፣ ያያት ሰው መጥቶ የመጽሔቱን ሥራ ይመራ ጀመር።

ከጣሊያን ወጥተን ፓሪስ እንሂድ። «ለ ፕቲ ዡርናል» የተባለው ጋዜጣ በ1890ዎቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ኮፒ ያትም ነበር። በየሳምንቱ ባለቀለም ተጨማሪ ያወጣ ነበር፤ ስምንት ገጽ፣ ዋጋው አምስት ሳንቲም። ይህን ማድረግ የቻለው ዳይሬክተሩ ኢፖሊት ማሪኖኒ ራሱ የማተሚያ ማሽን ፈጣሪ ስለነበር ነው። የዚህ ተጨማሪ ከሁሉ የታወቀው ሽፋን የጃንዋሪ 13 ቀን 1895 ነው። ሠዓሊው ኦንሪ ሜየር ነው። የፈረንሳይ ጦር መኮንን አልፍሬድ ድሬፉስ በአገር ክህደት ተፈርዶበት በሠራዊት ፊት ማዕረጉ ሲገፈፍ፣ ሰይፉ ሲሰበር ያሳያል። ከሥሩ «ከሃዲው» የሚል ርእስ አለ። በደንብ የተሣለ ነው። ሰውዬው ግን ምንም አላደረገም ነበር። በትክክል ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 13 ቀን 1898፣ ኤሚል ዞላ በ«ሎሮር» ጋዜጣ ላይ መንግሥትን የከሰሰበትን ደብዳቤ አወጣ፤ በ1906 ድሬፉስ ንጹሕ ተባለ። ያንን ሽፋን ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ፍሬም ውስጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከስምንቱ ገጽ የቀሩት ሰባቱ አይታዩም። ይህን ያህል ሕዝብ ያንን ውሸት ለምን እንዳመነ የሚናገሩት ግን እነዚያ ሰባቱ ናቸው።

ይኸው ተጨማሪ በ1898 አፄ ምኒልክን በዓድዋ ጦርነት ላይ የሚያሳይ ሥዕል አውጥቷል። ይህን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ካፌ ግድግዳ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ። ጦርነቱ የተደረገው በማርች 1896 ነው፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ሥዕሉ ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቷል ማለት ነው። ሽፋን ወሬ ሲሞቅ የሚወጣ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የሁለት ዓመት ወሬ ምን አሞቀው? ይህን ሊመልስ የሚችለው የዚያው ሳምንት ሙሉ እትም ነው፤ ለዚህ ነው ያን እትም ለማግኘት የተንከራተትኩት።

ስንከራተት ደግሞ ተሸወድኩ። አንድ ጊዜ ለሕክምና አውሮፓ ሄጄ ሳለሁ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያንኑ ሥዕል ከነፍሬሙ ገዛሁ። ዋጋው የሆቴሌን ሁለት ሌሊት ያህል ነበር። ደስታዬ እስከ ማታ ቆየ። ማታ ፍሬሙን ፈታሁና ሉፔን አወጣሁ፤ ሉፕ የኅትመት ነጥብ የምናይበት ትንሽ ማጉያ ናት። በዘመናችን የታተመ ባለቀለም ሥዕል በሉፕ ሲታይ አራት ዓይነት ጥቃቅን ነጥቦች እንደ አበባ ክብ ሠርተው ተደርድረው ይታያሉ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። በዚያ ዘመን የታተመው ግን ጥቁሩ መስመር ድፍን ነው፣ ቀለሙም ዝርው ጠብታ ነው፤ ሰልፍ አያውቅም። የእኔው አበባ በአበባ ሆኖ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ነጥብ ሲያይ የኖረ ሰው! ፍሬም ውስጥ ስለነበር አላየሁትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን ገና ሳልፈታው ማወቅ ነበረብኝ፤ ፍሬሙ ከኋላ በወፍራም ካርቶን ተዘግቶ ነበር። የመጽሔት ሽፋን ጀርባው ገጽ ሁለት ነው። ጽሑፍ አለበት። ጀርባውን የማያሳይ ነጋዴ፣ ጀርባ የሌለው ነገር ነው የሚሸጠው።

ቅድም በር ላይ አንድ ወጣት፣ «እውነተኛውስ ቢሆን ለምን ይቀደዳል?» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ሒሳብ ነው። እነዚህ ተጨማሪዎች ከፊትም ከኋላም ባለቀለም ሥዕል አላቸው። ነጋዴው አንድ እትም ገዝቶ ሁለት ፍሬም ይሸጣል። በጉን በቁሙ ከሚሸጥ ቆዳውን ለብቻ ሥጋውን ለብቻ ቢሸጥ ያዋጣዋል። አጥንቱ፣ ማለትም መካከሉ፣ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ለንደን ይታተም የነበረው «ቫኒቲ ፌር» ደግሞ በዚህ ረገድ ከሁሉ ተጎጂ ነው። በየሳምንቱ አንድ የታወቀ ሰው በባለቀለም ሥዕል ያወጣ ነበር፤ በ1897፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሬነል ሮድ አዲስ አበባ መጥቶ ውል በተፈራረመበት ዓመት፣ ተራው የአፄ ምኒልክ ሆነ። ከሥዕሉ ጋር ስለ ሰውየው የሚያወራ አጭር ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ሥዕሉን የያዙ ብዙዎች አውቃለሁ። ጽሑፉን የያዘ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የምወደውን ላሳያችሁ። ይህ «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ይባላል፤ በ1842 የተጀመረ ነው፤ የያዝኩት የ1868 ነው። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ መጽሔቱ ዊልያም ሲምፕሰን የተባለ ሠዓሊ ላከ። ይህ ሰው አገራችን ድረስ መጥቷል፤ እንደ ቤልትራሜ ቤቱ ቁጭ ብሎ አልሣለም። ስለዚህ ሥዕሉ ይታመናል ትላላችሁ።

ቀረብ በሉና ይህን እዩ። እዚህ፣ ከተራራው ወገብ ወደ ታች የምትወርድ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ጭረት አይደለችም፤ ቀጥ ብላ እስከ ታች ትሄዳለች። ሌላዋ በአግድም ታቋርጣታለች። ሲምፕሰን የላከው በእርሳስ የተነደፈ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ ለንደን ሲደርስ፣ ሌላ ሰው እንጨት ላይ ይገለብጠዋል። እንጨቱ ቡክሰስ የሚባል በጣም ጠንካራ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ የገጽ ስፋት ያለው አንድ ወጥ ሰሌዳ አይወጣውም። ስለዚህ ትናንሽ ቁራጮችን በብሎን አጋጥመው አንድ ሰሌዳ ያደርጋሉ። ሥዕሉ ከተነደፈበት በኋላ ብሎኑን ፈትተው ቁራጮቹን ለየቀራጩ ያከፋፍላሉ። አንዱ ሰማዩን ይቀርጻል፣ አንዱ ገደሉን፣ አንዱ የወታደሩን ትከሻ። ሌሊቱን ሠርተው ጠዋት መልሰው ያጋጥሙታል። ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ መጋጠሚያው ላይ ቀለም አይነካም፤ ይህች ነጭ መስመር የወጣችው ከዚያ ነው። የአንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደር ግማሽ ፊት የአንድ ቀራጭ፣ ግማሹ የሌላው ሊሆን ይችላል። አንዳቸውም የኢትዮጵያን ሰው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የሲምፕሰን ዓይን አገራችንን አይቷል፤ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ግን የእነዚያ የለንደን ሌሊት ሠራተኞች እጅ ነው። በስልክ ፎቶ ብታዩት መስመሯ አትታይም። እኔ በሠላሳ ዓመት ካየሁት የማተሚያ ሥራ ሁሉ ይህችን መስመር የሚያህል የሚያስደስተኝ የለም።

ፈረንጆቹን ብቻ እንዳልኮንን። የእኛ የዓድዋ ሥዕሎችስ? የሠዓሊዎቻችን ደንብ የታወቀ ነው፤ ወገን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያል፣ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። ብዙዎቹ የተሣሉት ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቦታው ላይ ባልነበሩ ሰዎች ነው። ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊ አይቻለሁ አለማለቱ ነው። ደንቡን ፊት ለፊት ያስቀምጥላችኋል። ቤልትራሜ ግን በቦታው እንደነበረ ሰው ነው የሚሥለው፤ የምጣላው በዚህ ነው።

እኔን ይህ ነገር የያዘኝ ከየት ነው ብትሉ፣ ከጭቃ ግድግዳ ነው። በልጅነታችን ቤታችን ውስጥ ግድግዳው በጋዜጣና በመጽሔት የተለጠፈ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መኝታዬ አጠገብ የነበረው ወረቀት ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር ፊደልን ተዘቅዝቆ ማንበብ ቀድሜ ለመድኩ፤ በኋላ ፊደል ለቃሚ ስሆን ጠቅሞኛል። እዚያው አንድ ታሪክ ነበረ። ከገጠር መጥታ ወንድሟን ስለምትፈልግ ልጅ። ልክ በር ስታንኳኳ «ወደ ገጽ 5 ዞሯል» ይላል። ገጽ 5 ጭቃው ላይ ነው። እናቴ ሳታይ በጥፍሬ ጠርዙን ልልጥ ሞክሬ ወረቀቱ ተቀደደ፣ እኔም ተገረፍኩ። በሩን ማን እንደከፈተ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ስለ አያያዝ የምለው ጥቂት ነው፤ ብዙውን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። የተቀደደ ገጽ በስኮች አትለጥፉ። እኔ ለጥፌ፣ በዐሥር ዓመቱ ስኮቹ ረግፎ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን አልፎ ወጣ፤ አይነቀልም። ላሚኔትማ ጨርሶ አታስቡት። ፕላስቲክ ማቀፊያ ስትገዙ ያንን ለስላሳውን፣ የሚሸተውን አትውሰዱ፤ ቀለም ይስባል፤ ፖሊስተር የሚባለው ጥርት ያለው ደኅና ነው። ክረምት ሲገባ ከግድግዳ አርቁት፣ አንሶላ ከምታስቀምጡበት ቦታ አስቀምጡት። ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ላይ ኮፒውን ስቀሉ፣ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይተኛ። ደግሞ አሮጌው ሁሉ ቀድሞ ያረጃል አትበሉ፤ ይህ የ1868ቱ ገና ነጭ ነው፣ የ1936ቱ ግን ሻይ የተደፋበት ይመስላል። የኋለኛው ከእንጨት ፍጭ የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነው፤ አሲዱ ከውስጥ ይበላዋል። መግዛት ለምትፈልጉ፣ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የፈረንጅ መጽሔት አልፎ አልፎ ይገባላቸዋል። የተቀደደ ስታገኙ፣ መካከሉን የት አደረግኸው ብላችሁ ጠይቁ፤ ደጋግሞ ሰው ከጠየቀ መጣል ይተዋሉ።

በቃ፣ አሁን ወደ ኋላ ጠረጴዛ እንሂድ። ስድስት እትሞች አሉ፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው። ጓንት አያስፈልግም፣ ጓንት ያረጀ ወረቀት ይዞ ይቀድዳል፤ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁና በገዛ እጃችሁ ግለጡ። ከግራ ሦስተኛው የ1936ቱ ነው። እሱ መካከሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ገጽ 7 ላይ ስትደርሱ ጥሩኝ፣ እኔ እገልጥላችኋለሁ።